ሲቪሽ ያለው ሎግ ቡክሽ ውስጥ ነው

የአንባቢ ደብዳቤ

«ለእትዬ፤ ጤና ይስጥልኝ። የሲቪል ምህንድስና የ5ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ ደርሻለሁ። የመውጫ ፈተናውን ካለፍኩ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ከአሁኑ ሥራ ልፈልግ ብዬ በቴሌግራም ‹ዜሮ ዓመት› የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ሲቪዬን እልካለሁ፤ እስካሁን 14 ቦታ ልኬ አንድም የደወለልኝ የለም። ሲቪውን የሠራሁት ከዶርም ጓደኛዬ ወንድም ወስጄ ስሙን ቀይሬ ነው፤ አራት ገጽ ነው፤ ከግሬድ ሪፖርቴ ጋር አያይዤልዎታለሁ። ኩሙላቲቭ ነጥቤ 2.91 ነው። የሥራ ልምድ ስለሌለኝ የምጽፈው ነገር አጣሁ። ኢንተርንሽፕ የወጣሁት አንድ የጂ+4 ሕንፃ ሳይት ላይ ነበር፤ እዚያም የከረምኩት ብረት ስቆጥርና ሰው ስከተል ነው። አንድ ቀን እንዲያውም የቢሙ ስታፋ (ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀለበት ብረት) ሥዕሉ ላይ ካለው ተራርቆ ታስሮ አይቼ ብናገር፣ ፎርማኑ ‹አንቺ ተማሪ ነሽ፣ ዝም በይ› ብሎ ሰው ፊት ተቆጣኝ። ሪዚደንት ኢንጂነሩ (ሳይቱን የሚቆጣጠረው መሐንዲስ) መጥቶ አስፈታው እንጂ በጣም አፍሬ ነበር። አሁን ደግሞ አጎቴ የሚያውቀው አንድ ተቋራጭ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ይችላል ተብያለሁ። ጓደኞቼ ‹ሁሉም የሚያደርገው ነው› ይሉኛል። ልቀበል? ምን ይመክሩኛል?

ከሐዋሳ»

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን እንደጨረስኩ ሲቪሽን ከፈትኩና ያንን የስታፋውን ቀን ፈለግኩት። አራቱንም ገጽ አየሁ፤ የለም። በሱ ፈንታ ያገኘሁት «ሥራ ወዳድ፣ በቡድን ሥራ የማምን፣ ጫናን ተቋቁሜ የምሠራ» የሚል አንቀጽ ነው። ይህን ካንቺ በፊት የጓደኛሽ ወንድም፣ ከሱም በፊት ሌላ ሰው ጽፎታል። በተቋራጭም በአማካሪ ድርጅትም ቢሮ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ጀማሪ መሐንዲስ በሚቀጠርበት ወቅት የሚመጡትን ሲቪዎች ቁጭ ብዬ አነብ ነበር። ያንን አንቀጽ በቃሌ አውቀዋለሁ። የሚያነበው ሰው እዚያ ሲደርስ ዓይኑ ዘሎት ያልፋል።

እስቲ ያንን ቀን እንመልሰው። ቢም ኮለኑ አጠገብ ሲደርስ ስታፋው የሚጠጋጋው ሸሩ፣ ማለትም ቢሙን ሊቆርጠው የሚሞክረው ኃይል፣ እዚያ ስለሚበረታ ነው፤ ይህን ክፍል ውስጥ ተምረሽዋል። ሳይት ላይ ሥዕሉን ከታሰረው ብረት ጋር አመሳከርሽ፤ ልዩነቱ ታየሽ፤ አርማታው ሳይሞላ ተናገርሽ። ፎርማኑ ተቆጣ። ሪዚደንቱ መጣ፣ አየ፣ አስፈታ፣ እንደገና አሳሰረ። አንድ ቀን ቢዘገይ አርማታ ይሸፍነው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያየው አይችልም። አማካሪ ድርጅት ደሞዝ እየከፈለ ሳይት ላይ ሰው የሚያስቀምጠው ለዚሁ ሥራ ነው። አንቺ ሳይከፈልሽ ሠርተሽው እንደ ሐፍረት ይዘሽው ትዞሪያለሽ። እኔ ቀጣሪ ሆኜ አንድ መቶ ሲቪ ፊቴ ቢቀመጥ፣ ይህን መስመር የጻፈችውን ልጅ ዛሬውኑ እደውልላታለሁ። ሌላው ቢቀር ምን ሆኖ እንደነበር ለመስማት እፈልጋለሁ።

እና «የምጽፈው የለኝም» የሚለውን አልቀበልሽም። የምትጽፊው አለ፤ የት እንዳለም አውቃለሁ። ኢንተርንሽፕ ስትወጪ የሠራሽውን እየመዘገብሽ የሳይት ተቆጣጣሪሽ የሚፈርምበት ሎግ ቡክ ነበረሽ አይደል? አብዛኛው ተማሪ ውጤቱ ከተሰጠው በኋላ የት እንደጣለው አያስታውስም። ፈልጊው። ሪፖርቱም ፋይሉ ላፕቶፕሽ ወይም ፍላሽሽ ላይ ይኖራል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪና አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ስጪያቸው። በየሳምንቱ ሳይቱ ላይ ምን ይሠራ ነበር? ያንቺ እጅ ምኑ ላይ ነበር? በየትኛው ሥዕል፣ ሰነድ ወይም መሣሪያ? ስንት ወለል፣ ስንት ሙሌት፣ ስንት ናሙና? ለመልሱ ሲባል የሚያምር ቃል አያስፈልግሽም፤ ጥሬውን በአማርኛ ጻፊው። የሲቪው እንግሊዝኛ ኋላ ይደርሳል።

«ብረት ስቆጥር ነው የከረምኩት» ብለሻል። ብረት ለምን እንደሚቆጠር ግን ልብ ያልሽው አልመሰለኝም። ከባር ቤንዲንግ ስኬጁሉ (ከብረቶቹ ዝርዝር ሰንጠረዥ) ጋር ይመሳከራል፤ በየዲያሜትሩ ርዝመቱ ተደምሮ ወደ ኪሎ ይለወጣል፤ ተቋራጩም ክፍያ የሚጠይቀው በዚያ ልክ ነው። የ12 ሚሊ ሜትር ብረት በሜትር 0.888 ኪሎ፣ የ16ቱ 1.58 ኪሎ ገደማ እንደሚመዝን ሳታዪ የምትመልሺ ከሆነ፣ የቴክ ኦፍ፣ ማለትም ከሥዕል ላይ መጠን የማውጣት፣ ሥራ ጀምረሻል ማለት ነው። ተቋራጭ ቤት ኦፊስ ኢንጂነር ጠዋት ገብቶ ማታ እስኪወጣ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሥራውን «ብረት ቆጠራ» ያሉት ሳይት ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ አንቺም ተቀብለሻቸው ቀላል ሥራ አደረግሽው።

ሲቪሽ ላይ አሁን ያለው «በኢንተርንሽፕ ወቅት የተለያዩ የሳይት ሥራዎች ላይ ተሳትፌያለሁ» ነው። «የተለያዩ» የሚለውንም «ተሳትፌያለሁ» የሚለውንም አውጪያቸው፤ የሠራሽውን የደበቁብሽ እነሱ ናቸው። ሐሳቡ ወደዚህ ይጠጋ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የኔ ናቸው፣ አንቺ ከሎግ ቡክሽ አስተካክዪ፦

«የጂ+4 ሕንፃ ግንባታ፣ የ4 ወር ኢንተርንሽፕ። የሁለት ወለል የቢምና የሶሌታ ብረት ከስትራክቸራል ሥዕሉ ጋር አመሳከርኩ። ኮለን አጠገብ በ10 ሳንቲ ሜትር ፈንታ በ20 የታሰረ ስታፋ አግኝቼ ለሪዚደንት ኢንጂነሩ አሳወቅኩ፤ ከአርማታ ሙሌት በፊት ተስተካከለ። በ5 ሙሌቶች ስላምፕ (የእርጥቡን አርማታ ልስላሴ) ለካሁ፣ የ150 ሚሊ ሜትር ኪዩብ ናሙና ሲወሰድ ተከታተልኩ፣ የ7 እና የ28 ቀን ውጤቱን መዘገብኩ። የአንድ ወለል የብረትና የአርማታ መጠን አውጥቼ ከክፍያ ሰነዱ ጋር አስተያየሁ።»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የምትሠሪው አንቺ ነሽ፤ የሠራሽበትም ነገር ይታያል። ናሙና ሲወሰድ ሳይት ላይ ካልነበርሽ ያንን መስመር አትጻፊው። ፎርማኑ ስለመቆጣቱም አንድ ቃል አይግባ። ሲቪ ላይ ሰው አይከሰስም፤ ኢንተርቪው ላይ ቢጠይቁሽ እንኳ የተለካውንና የተስተካከለውን ተናግረሽ እለፊ። አብሮሽ የሚሠራ ሰው እንዴት አድርገሽ እንደምታወሪለት የሚያዳምጡት በዚያች ደቂቃ ነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክትሽም እንዲሁ ባዶውን ቆሟል። «የጂ+7 ሕንፃ ስትራክቸራል ዲዛይን» ብለሽ አለፍሽ። አምስት ሆናችሁ የምትሠሩት እንደሆነ ያወቅኩት ሌላ ገጽ ላይ ነው። ከአምስቱ የአንቺ ድርሻ የትኛው ነው? ደረጃው? ፋውንዴሽኑ? ኢታብስ በሚባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ላይ ሞዴሉን ያስገባሽው አንቺ ነሽ ወይስ ውጤቱን ተቀብለሽ ዲቴይሉን የሠራሽ? ሁለቱም ክብር ያለው ሥራ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ጻፊ። በየትኛው ኮድ እንደሠራችሁም ይግባ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከዩሮኮድ የተወሰዱት የኢትዮጵያ ስታንዳርዶች ከሆኑ ጻፊያቸው፤ ቃለ መጠይቅ ከሚያደርጉልሽ ሰዎች ብዙዎቹ የተማሩት እ.ኤ.አ. በ1995ቱ ኢቢሲኤስ፣ በቀድሞው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ፣ ስለሆነ ምን እንደተለወጠ መጠየቅ ይወዳሉ። ሕንፃው ሐዋሳ ላይ ነው ብለሻል። ከተማዋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናትና የመሬት መንቀጥቀጡን ጭነት እንዴት እንዳሰላችሁ የማይጠይቅ መሐንዲስ አይኖርም። ያንን ክፍል የሠራው ሌላው ጓደኛሽ ቢሆንም ሄደሽ አስረጂኝ በዪው።

ሶፍትዌር ላይ አሥራ አንድ ስም ደርድረሻል። ፕሪማቬራ አለ፣ ማትላብ አለ፣ ሬቪት አለ። ከእነዚህ በስንቱ የጨረስሽው ሥራ አለ? እኔ የማውቀው አንድ ቀጣሪ ቃለ መጠይቁን ሲጨርስ ኮምፒውተር ከፍቶ «እስቲ ይቺን የፉቲንግ ዲቴይል በኦቶካድ ሣዪልኝ» ይል ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ይሰጣል። ሲቪው ላይ «በጣም ጥሩ» ብለው የጻፉ ልጆች ሌየር መክፈት ሲያቅታቸው ከነሱ ይልቅ እኔ ተሸማቅቄ ነበር። አሥራ አንዱን ወደ አራት አውርጂው፤ ከየአንዳንዱም አጠገብ በሱ ምን እንደሠራሽ በግማሽ መስመር አኑሪ። ኦቶካድ፦ የመመረቂያ ፕሮጀክቱ የፋውንዴሽን ሥዕሎች። ኤክሴል፦ የአንድ ወለል ቴክ ኦፍ። እንዲህ ሲሆን ማንም ቢጠይቅሽ አትደነግጪም።

ስለ ነጥብሽ። 2.91 የሚያሳፍር ነጥብ አይደለም፤ በምህንድስና በተለይ። 2.75 ወይም 3.00 ብለው የሚገድቡ ማስታወቂያዎች እንዳሉ ታውቂያለሽ። 2.75 ካሉ ጻፊው። 3.00 ካሉ 2.91ን 3.0 አድርገሽ አታጠጋጊ፤ ስቱደንት ኮፒ ይዘሽ ስትቀርቢ በአንድ እይታ ይወድቃል። ምንም ካላሉ እንደፈለግሽ ነሽ፤ እኔ ብሆን ግን እጽፈውና ከሥሩ ሁለት ሦስት ኮርስ እጨምራለሁ። ያያያዝሽውን ግሬድ ሪፖርት አይቼዋለሁ፦ በሪኢንፎርስድ ኮንክሪት ሁለትና በኮንስትራክሽን ማቴሪያል ኤ አለሽ። ሳይት ላይ ኮንክሪት የሚቆጣጠር ሰው የሚፈልግ ድርጅት የአንደኛ ዓመት የሎጂክ ነጥብሽ ግድ አይሰጠውም።

ከአራቱ ገጽ ሦስቱ ይውጣ። ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የእናት ስም፣ የቀበሌና የቤት ቁጥር፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት፣ «ትርፍ ጊዜዬን በማንበብ አሳልፋለሁ» የሚለው፤ ሁሉም ይውጡ። ፎቶም ማስታወቂያው ካልጠየቀ አያስፈልግም። የሚቀረው ስምሽ፣ የሚሠራ ስልክ፣ በስምሽ የተከፈተ ኢሜይል፣ ያለሽበት ከተማ፣ ትምህርትሽ፣ ኢንተርንሽፑ፣ ፕሮጀክቱ፣ ሶፍትዌሩ፣ የምትናገሪያቸው ቋንቋዎችና ሁለት ምስክሮች ነው። አንድ ገጽ ይበቃዋል። ቋንቋን አትናቂው፤ ሲዳምኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር ሳይት ኢንጂነር ከቀን ሠራተኛውና ከአካባቢው ሰው ጋር በቀጥታ መነጋገሩ ለተቋራጩ ትልቅ ነገር ነው።

ከተማው አጠገብ አንድ መስመር ልትጨምሪ ትችያለሽ፦ ከከተማ ውጭ ባሉ ፕሮጀክቶች ላይ ለመሥራት ፈቃደኛ መሆንሽን። ግን እውነት ከሆነ ብቻ፤ ከቤተሰብሽም ጋር ተነጋግረሽበት። ይህን የምልሽ ሴት ስለሆንሽ ነው። ማስታወቂያው ሥር «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ተብሎ ቢጻፍም፣ ሲቪዎቹ በሚለዩበት ጠረጴዛ ላይ «ይቺ ቢሮ ትፈልግ ይሆናል፣ ካምፕ አታድርም» ተብሎ ሳትጠየቂ የሚወሰንበት ጊዜ አለ። እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ፣ ተከራክሬበታለሁም። ያቺ አንድ መስመር ክርክሩን ታስቀራለች። ስትሄጂ ደግሞ ማደሪያው፣ መጸዳጃው፣ መጓጓዣው እንዴት እንደሆነ የመጠየቅ መብት አለሽ፤ ጠይቂ።

አሁን ወደ አጎትሽ ወዳጅ ደብዳቤ ልምጣ። አትቀበዪ። አጎትሽ ክፉ አስቦ አይደለም፤ የእህቱን ልጅ ሥራ ላይ ማየት ፈልጎ ነው፤ ስለዚህ ስትመልሺለት በአክብሮት ይሁን። ነገሩን ግን ልብ ብለሽ እዪው። ደብዳቤው ሠርታለች የሚልባቸው ሁለት ዓመታት ትራንስክሪፕትሽ ላይ ክፍል ውስጥ የነበርሽባቸው ናቸው። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት የሚል ማስታወቂያ ስንት ጊዜ አይተሻል? ያልተከፈለ ደሞዝ ግብርም ጡረታም የለውም። ሐሰተኛ ሰነድ መገልገል በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል፤ ዛሬ ባይታወቅ ከአምስት ዓመት በኋላ ዕድገት ስትጠይቂ ፋይልሽ ሲመረመር ሊወጣ ይችላል። «ሁሉም ያደርገዋል» ለሚሉሽ ጓደኞችሽ ከዚህ በላይ ክርክር አያስፈልግሽም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ደብዳቤው ሠርቶ ተቀጠርሽ እንበል። የሁለት ዓመት ልምድ ያላት መሐንዲስ ተብለሽ ብቻሽን ሳይት ትሰጪያለሽ። ጠዋት አርማታ ሊሞላ ነው፤ ፎርማኑ «ኢንጂነር፣ እንሙላ?» ይልሻል። የምትጠይቂው ሰው የለም፤ መጠየቅም አትችዪም፣ ታውቃለች ተብለሻልና። ዜሮ ዓመት ብለሽ የገባሽ እንደሆነ ግን «ይህን አላውቀውም፣ አሳዩኝ» ማለት መብትሽ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም የለም። ለዚያውም ሐሰት የሚያስፈልገው ሰው አይደለሽም። እውነተኛው የስታፋ ታሪክ በእጅሽ እያለ የማንም ማኅተም ምን ያደርግልሻል?

አሥራ አራት ቦታ ልከሽ ስላለመደወላቸውም ራስሽን አትክሰሺ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶ አምጥቶ ያላለፈ ዲግሪ ስለማይሰጠው፣ ብዙ ድርጅት ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) ያልያዘ አመልካች ፋይል ውስጥ አያስገባም። ሲቪሽ ደግሞ ተመራቂ ትሁኚ ተማሪ አይናገርም። ትምህርትሽ ሥር የምትመረቂበትን ወርና ዓመት «የሚጠበቅ» ብለሽ አስፍሪ። እስከዚያው ተመራቂ ተማሪ እንቀበላለን ወደሚሉት ላኪ፤ ሌሎቹን ዝርዝራቸውን ያዢና ቴምፖሽን በወሰድሽ ሳምንት ላኪላቸው። ለፈተናው መዘጋጀትሽን ግን ለሲቪ ብለሽ እንዳታጓድዪ።

ስትልኪም ለሁሉም አንድ ዓይነት አትላኪ። ተቋራጭ ከሆነ የቴክ ኦፉና የክፍያው መስመር ከላይ ይምጣ፤ አማካሪ ድርጅት ከሆነ የስታፋውና የናሙናው። ቦታ መለዋወጥ ብቻ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ፋይሉ ፒዲኤፍ ይሁን፤ ዎርድ ከሆነ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ሲከፈት ይበታተናል። ከመላክሽ በፊት በራስሽ ስልክ ክፈቺው፤ ቀጣሪውም መጀመሪያ የሚያየው በስልኩ ሊሆን ይችላልና። የፋይሉ ስም ሙሉ ስምሽና የምታመለክቺበት መደብ ይሁን፤ ያንቺው አሁን የጓደኛሽን ወንድም ስም እንደያዘ ነው የደረሰኝ፤ አሥራ አራቱም ቦታ እንዲሁ ሄዷል ማለት ነው። ኢሜይሉን ባዶውን አትላኪ፤ ለየትኛው መደብ እንደምታመለክቺና ለዚያ የሚሆን አንድ የሠራሽው ነገር፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ በአማርኛ የተጻፈ ማመልከቻ፣ ዋናውና ኮፒው ተይዞ በአካል መመዝገብ ነው።

የቀረው ምስክር ነው። ሲቪሽ ላይ «ሲጠየቅ ይቀርባል» ይላል። አንቺ ያለሽን ምስክር ሌላው ተማሪ የለውም፦ ስታፋውን ያስፈታው ሪዚደንት ኢንጂነር። ስሙን ሳታስፈቅጂው እንዳትጽፊ፤ ቀጣሪ ደውሎለት «ማን ናት?» ካለ ጉዳት ነው። ፊርማው ሎግ ቡክሽ ላይ ስላለ ስልኩን ከሳይቱ ቢሮ ታገኚዋለሽ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ደውዪለት። በመጀመሪያ ማን እንደሆንሽ አስታውሺው፤ «በኢንተርንሽፕ ጊዜ የቢሙ ስታፋ ተራርቆ ታስሯል ያልኩት ልጅ ነኝ» በይው። ያስታውስሻል። ከዚያ ልትመረቂ መሆኑን፣ ሥራ እየፈለግሽ መሆኑን ንገሪውና ስሙንና ስልኩን ሲቪሽ ላይ ማስፈር ትችዪ እንደሆነ ጠይቂው። እሺ ካለሽ አዲሱን ሲቪ ላኪለት፤ ሳይት ላይ ስለሠራሽው የጻፍሽውን አንብቦ ትክክል ያልሆነ ቢያገኝ እንዲያርምልሽ።